ተራ ቁጥር አራት

ቅጹ ሦስት ገጽ ነው፤ ማኅተሙ ደርቋል፤
ሐይቁ ከመስኮቱ ሥር ያብረቀርቃል።
«የቅርብ ኃላፊህን መዝን» ይላል ቃሉ፤
ከአንድ እስከ አምስት ነው ለኔ ምርጫው ሁሉ።
ቀላል ቀላሉን ሞላሁ፦ ሰዓት ታከብራለች፣
ነዳጅ ትቆጥባለች፣ ደመወዝ ታደርሳለች።
ተራ ቁጥር አራት ላይ ግን እጄ ቆመ፦
«ውሳኔ አሰጣጥ።»
ልቤም አብሮ ደከመ።

የካቲት ዐሥራ አምስት፣ የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ፣
ለዑራ የሚሻገር ምእመን ከየከተማ
ወደቡን ሞልቶታል፤ ከቀትር በኋላ
ደንገሉ ማጎንበስ ጀመረ በነፋስ ዱላ።
ጀልባዋ የምትችለው ስድሳ ሰው ነበረ፣
የተሸጠው ትኬት ዘጠና ተቆጠረ።
እንጉዳይ ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣
«ሠላሳው ይወርዳል፤ ነገ ጧት ይሄዳል በተራ»
አለች፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ።
ተለመነች፣ ተሰደበች፣ ስልክ ተደወለላት ከበላይ፤
ቋጠሮው አልተፈታም እስኪመሽ ሐይቁ ላይ።

እኛ ከሞተሩ ቤት፣ ዘይት ያለው ጨርቅ ይዘን፣
«ግትር ናት» አልን። «ሴት ልጅ ሥልጣን ስትይዝ...» ብለን
ሳንጨርሰው ሳቅን።
ከሁሉም ይልቅ እኔ።
ማዕበል ተነሥቶ ቢፈርድላት ለዓይኔ
ይቀል ነበር።
አልተነሣም። ሐይቁ ሌሊቱን ሙሉ ተኛ፤
ማኅሌት ያመለጣቸው ሲያጉረመርሙብን አደርን እኛ።

አቶ ይስማውም እኮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣
አንድ ዓመት በጥምቀት ጠረጴዛውን መታና
ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ጀልባ አስቀርቷል።
ያን ቀንም ሐይቁ እንዲሁ ተኝቷል።
«ቆራጥ!» አልን። «ነፍሳችንን አተረፈ» አልን።
ከምን እንዳተረፈን ግን ማንም አልጠየቅን።
በዚሁ ቅጽ፣ በዚሁ ተራ ቁጥር፣
አምስት ሰጥቼዋለሁ፣ በደማቁ፣ ሳልጠራጠር።

ዛሬ ለእርሷ ሁለት ጻፍሁ። ሰረዝሁ። ሦስት አልሁ። እስክሪብቶው ተፋ፤
ወረቀቱ ሳሳ፤ መስመሩ በሰማያዊ ጠፋ።
ቅጹ ለመዛኙ የሚሆን ሣጥን የለው፤
ቢኖር ምን እሞላ ነበር? ያን ተወው።

ሌላ ቅጽ ልጠይቅ ገባሁ ከቢሮዋ።
ቀና አላለችም፤ እምቦጭ ያነቀው ሞተር ነው ጣጣዋ።
«ተበላሸብህ?»
«አዎ፣ ተበላሸብኝ።»
አንዱን ከመሳቢያ መዝዛ፣ እስክሪብቶዋን ጨምራ ሰጠችኝ፦
«ያንተው ይተፋል።»