ጣራዋ ላይ ስንጥቅ ያለባት

አረንጓዴ ነበረች። ወንድሜ «ቀይ ናት» ይላል፤
ያላየውንም ነገር በእማዬ አፈር ይምላል።
ሦስት እግር ነበራት፣ ወይ አራተኛው ወልቆ፣
አንድ ዓይን መብራት ነበራት፣ ሌላው በዝገት ታንቆ፤
ሆዷ ሥር ጽሑፍ አለ፣ ፊደሉን የማላውቀው፣
በጣቴ እየዳበስኩ «ስሜ ነው» የምለው።
ጣራዋ ላይ ደግሞ ስንጥቅ፣ ቀጭን እንደ ዓይን ሽፋን፣
ለሾፌሩ አየር መግቢያ መስሎኝ ነበር ያን ዘመን።
ሞተርም ነበራት፤ ስገፋት ቅጭልጭል የሚል፣
ሽቅብ ሲሆን የሚያቃስት፣ ቁልቁል ሲሆን የሚዘል።

ይኸው ነው የማውቀው።

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የውሃ ክፍል ገንዘብ ያዥ፣
በጡረታዬ ዋዜማ የሆንኩ የዝገት ወዳጅ።
ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣሁ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣
የናዝሬት ነፋስ ከየጥጉ አቧራና ፌስታል ሲያነሳ።
የባቡር ጣቢያውን ዘበኛ ጋሽ በዳሶን ጠየቅኩት፣
ከጅቡቲ ስንት ጭነት ሲራገፍ ያለፈበት።
«ልጄ፣ ባቡሩ ራሱ ጠፍቷል» አለኝ እየሳቀ፤
ጥርሱም፣ ትኬት ቤቱም አንድ ሰሞን ነው ያለቀ።
ቆራሌውን አስቆምኩት፤ ጆንያውን ዘረገፈው፤
ሶኬት፣ የስልክ ቀፎ፣ የካውያ ሽቦ ነው የተረፈው።
«መልኳን ንገሪኝ» ቢለኝ አፌ ውስጥ መልኳ ጠፋ፤
ስጀምር ፒካፕ የነበረች፣ ስጨርስ ጎኗ ሰፋ።
ሐጂ ሸምሱ ከመደብራቸው ሥር ሦስት ካርቶን ከፈቱልኝ፤
አሥራ አንድ መኪና አሰለፉ፤
አንዷም አላወቀችኝ።

ማታ ግን እጠራጠራለሁ።
ምናልባት የሌላ ልጅ ናት፤ ምናልባት ጎረቤት መስኮት ላይ አይቻት፣
ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ የኔ ያደረግኳት።

በመጨረሻ ወንጂ ሄድኩ፣ ወደ አክስቴ ወደ ይመናሹ፤
ዓይኖቿ ሞራ ለብሰው፣ ጆሮዎቿ ግን ያልሸሹ።
ሁሉንም ነገርኳት፤ እግሯን፣ ዝገቷን፣ ቀለሟን፤
ሸንኮራ ልጣ ሰጠችኝ፤ ቆየች፤ ጠረገች ቢላዋን።
«ስንጥቁስ?» አለች በድንገት። «ጣራዋ ላይ?» አልኩ። ሳቀች።
«የኔ ሞኝ፣ መጫወቻ አይደለችም፤ የእናትሽ ባንክ ነበረች።
ደብተር ላወጣ በምርቃት የሚሰጥ ቆርቆሮ ናት፤
ስሙኒም፣ ሽልንግም፣ ማታ ማታ እናትሽ የምታጎርሳት።
አንቺ ስትተኚ ነው። ስትነቂ ትገፊያታለሽ፤
‹ሞተሯ ተነሣ!› እያልሽ በጠዋት ታስቂናለሽ።
ከዚያ አንድ ክረምት… በቢላዋ ፈለቀቅናት፤
ለወባሽ መርፌ ነው መሰል… ወይስ ለቤት ኪራይ ናት?
ከሁለቱ ለአንዱ ነው። ዝናብ ነበር። ረሳሁት።»

እጇ ላይ ያለውን ቢላዋ አየሁት።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ከሰዓት ጠጋኙ ጠረጴዛ፣
ከሽቦና ከብሎን መሐል አገኘኋት ደንዝዛ።
አረንጓዴም ቀይም አይደለች፤ ሰማያዊ። እግሯ አራት።
እሷ አይደለችም። እሷማ ተፈልቅቃለች በዚያ በዝናብ ሌሊት።
እህቷ ትሁን እንጂ፤ ከአንድ ፋብሪካ፣ ከሌላ እናት ጓዳ፣
ስንጥቋ ቀጥ ያለ፣ ጣራዋ ከቢላዋ የጸዳ።

«ስንት ነው?» «ስድስት መቶ።» «መጫወቻ ስድስት መቶ?»
«መጫወቻ አይደለም እኮ እትዬ» አለኝ መነጽሩን አንስቶ።
ሦስት መቶ ሃምሳ ሰጠሁት፤ አልቆጠረም፤ አልቆጠርኩም፤
ሠላሳ ዓመት የሰው ገንዘብ ቆጥሬ እንዲህ ያለ ክፍያ አላውቅም።

ቤት ገባሁ። መስኮት ዘጋሁ፣ ነፋሱ እንዳይረብሸኝ።
ቦርሳዬን ብዳብሰው አንድ ብር ሳንቲም ተረፈኝ።
አልገባም። በእሷ ዘመን ብር ወረቀት ነበር።
መሳቢያ ውስጥ ስሙኒ ፈለግኩ፤ ከቁልፉ፣ ከመርፌው፣ ከክር፤
አንዲት አገኘሁ። ጣልኳት።
ወለሉ ላይ በርከክ ብዬ ወደ ጓዳው በር ገፋኋት።

ቅጭል።

ደግሜ ገፋኋት፤ ለወንድሜ ደወልኩለት፤
ምንም ሳልል ስልኩን ከጎኗ አስጠግቼ አሰማሁት።
ዝም አለ። ረጅም ዝምታ።
ከዚያ፣ «በእማዬ አፈር» አለኝ፣
«ቀይ ናት።»