ዘጠና ሳንቲ

ክረምቱን በሙሉ፣ ባሕሩ በረዶ ለብሶ ሲያንቀላፋ፣
ከእራት በኋላ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ስናሰፋ፣
እርሳሱ በታርሞ፣ ላጲሱ በኔ እጅ፤
እሱ ግድግዳ ያቆማል፣ እኔ አፈርሳለሁ እንደ ባላንጣ ልጅ።
አንድ ሳንቲ በወረቀት፣ አንድ ሜትር በምድር፤
ቁም ሣጥናችን ከነልብሱ በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ሲያድር።

ፒሬት ከብስኩት ካርቶን አልጋ ቆርጣ፣ ወንበር ቆርጣ፣
ድመቷንም ቆርጣ፣
ሳሎኑ መሐል አስተኛቻት፤ ማን ደፍሮ ያውጣ!

ታርሞ የፈለገው የጀልባ ሞተር የሚፈታበት ሰፊ ክፍል፣
እኔ የፈለግሁት የጠዋት ጀንበር ሳህን ሳጥብ እጄ ላይ እንድትውል፤
መታጠቢያው ወጥ ቤቱን ሲገፋ፣ ወጥ ቤቱ ሳሎኑን ሲገፋ፣
አንዱን ስናቃና ሌላው ሲጠፋ፣
ቤታችን፣ ቤት አልመታ አለ።
ወረቀቱ በላጲስ ሳስቶ መታጠቢያው ላይ ቀዳዳ አበቀለ።
«እሰይ፣ መስኮት ወጣለት!» ታርሞ አለ።

ሂልያ ብቻ ዝም። አማቴ ናት፤ ሰማንያ አንድ ሞላት፤
ካልሲ ትሠራለች፣ ቃል አይወጣት።
«እማ፣ ያንቺ መኝታ በየት በኩል ይሁን?» ስንላት፣
«ለጊዜው ከምድር በላይ» አለች፣ ክሯን እየጠመጠመች በጣት።

ሚያዝያ ላይ በረዶው ለቀቀ።
ካስማና ሲባጎ ይዘን ከጥዶቹ መሐል ወዳለው ሜዳ ወጣን፤
የሳሬማ መሬት ጥርሱ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ሦስት ካስማ ሰብሮ ቀጣን።
ከሰዓት በኋላ ግን ቤታችን ቆመ፤ ቁመቱ እስከ ጉልበት፣
ጣሪያው ሰማይ፣ ግድግዳው ክር፣ ወለሉ ሣር የበቀለበት።
ታርሞ ከጓዳ ወደ ሳሎን ቀጥ ብሎ ሲሻገር፣
«ኧረ ግድግዳ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤
ተመለሰ፣ አየሩን አንኳኳ፣ ገባ በበር።
ፒሬት መኝታዋ ውስጥ ተንጋለለች፤
«ጣሪያዬ ላይ ወፍ አለ» አለች፤
«ቁራ ነው» አልኳት፤
«ይኑር» አለች።

ያኔ ሂልያ መጣች፣ የጥድ በትሯን ተደግፋ፤
ጫማዋን በሣሩ ጠርጋ በዋናው በር ገባች፣ አንገቷን ደፋ።
ከአልጋዋ እስከ መጸዳጃው ቆጠረች። አሥራ አንድ እርምጃ።
አልተናገረችም።
ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ በትሯን አጋደመች፤
ጫፍና ጫፉ ክሩን ነካ።

«ስንት ነው ይሄ?»
«ዘጠና ሳንቲ» አለ ታርሞ፣ «ለአንድ ሰው ይበቃል።»
«ቆሞ ለሚሄድ» አለች።

ከዚያ፣ ጥዶቹን እያየች፦
«አባትህ በመስኮት ነው የወጣው።
አንተ መርከብ ላይ ነበርክ።
ምድጃው ጋ መታጠፊያው ጠቦ፣ ሣጥኑ አልዞር ብሎ፣
አራት ጎረምሳ ቢገፋ ቢስብ፣ ማን ያዙርልን ችሎ!
ሊያቆሙት ነበር፤ እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ፣ ሬሳ አይቆምም ብዬ።
መስኮቱን ከነክፈፉ ነቅለው፣ እንደ ሌባ ዕቃ
በገመድ ሲያወርዱት አየሁ፣ አፌን በሻሼ ይዤ።
አርባ ዓመት ጫማውን ሳይጠርግ ቤት ያልገባ ሰው!
እኔን በበር አውጡኝ።
ተጋድሜ። ቀጥ ብዬ።»

ማንም ምንም አላለ፤ ቁራውም ዝም አለ።
ታርሞ ካስማውን ነቀለ።
አርባ ሳንቲ ገፋው፤ ወደ ሞተር ክፍሉ አይደለም፣ ወደኔ፣
ክረምቱን ሙሉ በላጲስ ተዋግቼ ወዳተረፍኳት ጓዳ፣ ወደ ዓይኔ።
አየሁት። ዋጥኩት።
ፒሬት በሰፋው ኮሪደር ክንዷን ዘርግታ ሮጠች፤
በግራም በቀኝም ምንም አልነካች።

ማታ ወረቀቱ ላይ መስመሩን ስፍቅ፣ እዚያው ተቀደደ፤
በፕላስተር ለጠፍነው፤ ያ ግድግዳ ከሌላው ወፍሮ ሄደ።
«ስልሳው የማርማላታ ጠርሙስ እንግዲህ የት ይግባ?» አልኩ፣ ለማንም ሳልል።
ሂልያ ካልሲዋን አዙራ ተረከዙን ጀመረች።
«አልጋዬ ሥር» አለች።
«ሌሊት ካማረኝ፣ እጄን መስደድ ነው።»