እርሳስ

ሐምሌ ነው፤ በረዶው ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣
ደብረ ብርሃን ሁሉ በብርድ ሲንቀጠቀጥ፣
ሸዋንግዛው መጣ ከላብራቶሪው ደጅ፣
አንድ ሃይላንድ ውሃ ታቅፎ እንደ አራስ ልጅ።

«እህቴ» አለኝ፣ «ይህ ነው የጓሮ ጉድጓዴ፤
ስጠጣው ኖሬያለሁ፣ ከፍቶት አያውቅ ሆዴ።
ጥርት ያለ ውሃ፣ ሽታ ጣዕም የለው፤
ዓይን አይነቅፈው፣ ምላስ ክፉ አይለው።
የምወድሽ ግን፣ ልጄ፣ ሁለተኛ ክፍል፣
ትናንት የቆጠረችው ዛሬ እየጎደል፣
‹ሆዴን› ስትል ታድራለች ጉልበቷን አቅፋ።»

ሐኪም ከንፈሯን ገልጦ አይቶ ነበር አሉ።
ድዷ ላይ ሰማያዊ መስመር፣ ቀጭን፣ እንደ ክር።
«ቀለም ይሆን?» ብለው አጥበውታል።
አልለቀቀም።

«ሥራህስ?» ብለው ዓይኑን ሰብሮ ቀረ፣
ከዚያ እየጎተተ መናገር ጀመረ፦
«ያረጀ ባትሪ ከጋራዥ እገዛለሁ፣
ጓሮ ሰባብሬ እርሳሱን አቀልጣለሁ፣
ያንን በኪሎ ሸጬ ለልጄ
ደብተሯን፣ እርሳሷን እገዛለሁ።»
ቃሉ ሁለት ጊዜ ባንድ ትንፋሽ ሲያልፍ፣
እሱ ልብ አላለም፤ ብዕሬ ቆመች ሳትጽፍ፦
እርሳስ አቅልጦ እርሳስ የሚገዛ አባት፤
ባንዱ ስትጽፍበት፣ አንዱ ሲያጠፋባት።

መደርደሪያዬ ላይ ቢጫ ዱቄት አለችኝ፣
እርድ የመሰለች፣ ሦስት ወር ያስነባችኝ።
አስራ ስድስት ከሽፎ አስራ ሰባተኛዋ፤
ስም እንኳን የላትም፣ ቁጥር ነው መጠሪያዋ።
የተዘረጋ መዳፍ ናት፤ መሃሏ ባዶ መደብ ይዛ
ካልሲየም ቢያልፍ፣ ሶዲየም ቢያልፍ፣ ዝም ትላለች ተክዛ።
ብረት ቢያንኳኳም አትከፍት።
እርሳስ ሲቀመጥባት ግን ጣቶቿን ትጨብጣለች፤
ሐምራዊ ብርሃን ሲያጠጧት አረንጓዴ ትመልሳለች።

አምና ደግ ቀን ነበር። እህቷን፣ ዚንክ ለዪዋን፣
በጠላ ጥንስስ እርሾ ላይ ስንሞክራት፣
ህዋሳቱ በማይክሮስኮፑ ሥር አንድ ባንድ በሩ፤
ጣርማ በር ቆመው ሌሊት ቁልቁል እንደሚያዩት ደብረ ሲና።
ህዋስ ሁሉ ለኑሮው ጥቂት ዚንክ ይሻልና
ያ ብርሃን የምሥራች ነበር፤ ተቃቅፈን ጮኸናል።
ዛሬ ግን ብርሃን መርዶ ነው።

ጠብታውን ስለካ መብራት ጠፋ።
(ከተማችን ስሟ ብርሃን፣ አመሏ ይኸው።)
ይሁን፤ ጨለማው ለሥራዬ ይበጃል።
ሐሰተኛ ብር የሚለዩባትን ሐምራዊ የእጅ ባትሪ አወጣሁ፣
ሦስት ብልቃጥ ደረደርሁ፦ አንዱ ንጹሕ፣
አንዱ እኔው አውቄ እርሳስ የጨመርሁበት፣
አንዱ የምወድሽ የጠጣችው።
ሦስት ወር ሙሉ «ብሪ» እያልሁ የለመንኋትን፣
ለጻድቃኔ ማርያም ጧፍ የተሳልሁባትን፣
ዛሬ «ጨልሚ» አልኋት፤ «እባክሽ፣ ክሸፊ።»

የመጀመሪያው ጨለማ።
ሁለተኛው አረንጓዴ።
ሦስተኛው

ሸዋንግዛው ሳቀ። «በራ!» አለ፣ «አማረ!
ይህ ነው እንዴ ከጓሮዬ የነበረ?»
መልስ ሳልሰጠው ልጆች ከየግቢው «መጣ! መጣ!»
አምፖሉ ቦግ አለ፤ አረንጓዴው በነጩ ተውጦ ታጣ።
«ጠፋ እኮ» አለኝ፣ እፎይታ ሊሞክር።
«አልጠፋም» አልሁት። «አለ።
ልኩን ትልቁ ማሽን ይነግረናል፤ እስከዚያ
ከጉድጓዱ ጠብታ እንዳትቀምስ፣ ምድጃህንም አጥፋ።»

ቆይቶ ቅጹን ሰጠሁት፣ ስሙን እንዲሞላ።
ከደረት ኪሱ አወጣ አንዲት አጭር እርሳስ፣
ጫፏ በልጅ ጥርስ የታኘከ።
ሊጽፍ ብሎ ቆመ። አያት። አየኝ።
«ይህችስ?» አለ በቀስታ።
«እሷስ አትጎዳም» አልሁት፤
«የእሷ ስሟ ብቻ ነው።»