የጥጥ ጭስ

ሙሽሮቹን ሸኝቼ፣ ከረባቴን ሳልፈታ፣
ወጣሁ ወደ ሰገነት፣ ብርሃኔን ሳይሰርቀኝ ማታ።
መዳፍ የምታህል ታንክ፣ ቲ ሃምሳ አምስት፣
ሰንሰለቷን በወረንጦ የገጠምኩት ስንት ሌሊት፣
ጭቃዋ ጀሶና ሙጫ፣ ዝገቷ የጡብ ዱቄት።

አዳማ ላይ አቧራ አይገዛም፤
ከመስኮት ደፍ በብሩሽ ጠርጌ፣ በሻሽ ነፍቼ አጠራቀምኩ፤
ጠጠሩ ከጎላ ታንኳ መጫወቻ ትሆናለች፣
ይህንን ከብዙ የተበላሸ ፎቶ ተማርኩ።

ጭሱ ጥጥ ነው፤ ከፋርማሲ የገዛሁት፣
በጣቴ አሳስቼ፣ በኩራዝ ጥላሸት ያጠቆርኩት።
ከሥሩ ከአዳራሽ ጌጥ የተረፈች፣
ብልጭ ድርግም የምትል አምፖል፣ ብርቱካን የመሰለች፤
ትናንት የሙሽራ ፊት አሞቀች፣
ዛሬ ታንክ አቃጠለች።

ኮረብታው ላይ የሚዞሩት ነጫጭ የንፋስ ተርባይኖች
ጦርነቱ ውስጥ እንዳይገቡብኝ
በሆዴ ተኛሁ፤ አገጬን ከሲሚንቶው አጋጥሜ፣
ሌንሱን ከሰንሰለቷ እኩል፣ ካሜራዬን አጋድሜ።
ከላይ ያዩዋት አሻንጉሊት ናት፤ ከታች ነው የምታስፈራ፤
ሰው ታንክን የሚያያት ከጉድጓድ ነው፣ ጥርሱ ሞልቶ በአቧራ።

የእህቴ ልጅ ሲምቦ በስትሮ እፍ ልትል ተንበርክካ፣
«አንድ፣ ሁለት...» ስል
ያዳማ ነፋስ ቀደማት፤ ለካ
እሱ ትእዛዝ አይጠብቅም።
ጭሴን ከነጥላሸቱ አንስቶ
ባጥሩ አሻግሮ ጣለው፣ ከጎረቤት ግቢ አስገብቶ።

ሃምሳ አለቃ ዋቅቶላ መጡ፤ አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍ፣
ደረጃውን አንድ በአንድ፣ በየመሀሉ እያሉ እርፍ።
«ጭስህ ጎመኔ ላይ ወረደ» አሉ፤ ጥጡ በእጃቸው ነበር።
ሳቅን።
ከዚያ ጎንበስ ብለው በካሜራው አዩ። ቆዩ።
«ነጥቷል» አሉ። «የናፍጣ ጭስ ወፍራም ነው፣ አይበርም፣
ይንከባለላል፤ መጀመሪያ የሚሸትህ ደግሞ ቀለሙ ነው፣
ከዚያ ጎማው፣
ከዚያ...»
እኔ ሞኙ ብእር ፈለግሁ፣ ልጽፈው።

በጥፍራቸው የማማዋን ክዳን ነኩት። «ይሄ አይከፈትም?»
«በሙጫ አጣብቄዋለሁ።»
ምንም አላሉም።
ሲምቦ ናት የጠየቀችው፤ «ውስጧ ሰው አለ እንዴ?»
አምፖሏ ብልጭ አለች፣ ድርግም አለች። መልስ የለም፣ ከማንም ዘንዴ።

ምላጭ አመጣሁ። ተቀበሉኝ፤
መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣
የሚተኛ ልጅ እንዳይቀሰቅሱ ያህል
ዙሪያውን ፋቁ፤ ሙጫው ጠንክሮ፣ እጃቸው ቀስ ብሎ፣
ፀሐይዋ በወንጂ በኩል ወርዳ፣ ሰማዩ አመድ መስሎ።
ቀጭ አለ።
ክዳኑ ተነሳ፤ የስንዴ ፍሬ የማታህል ጨለማ ታየች።
«አሁን አንሳ» አሉኝ።

ብርሃን አልነበረም። አነሳሁ።
ፎቶው ብዥ ያለ ነው፤ ጭስ የለው፣ እሳት የለው፣
ጥግ ላይ ያንድ ሽማግሌ አውራ ጣት ብቻ ነው ጥርት ያለው።

ነገ ሌላ ሰርግ አለብኝ፤ አምፖሏን ነቅዬ መለስኩ።
ጥጡን ግን
ኪሳቸው ከተው ወረዱ፤ እኔም አልጠየቅሁ።