ሠላሳ አንደኛው ሳምንት

ሦስት ጥራዝ ቀረበ ለትምህርት ክፍሉ፤
«ዛሬ ይለይልን» ዲያቆን አንሙት አሉ።
አንዱ ከአዲስ አበባ፣ ማኅተም ያረፈበት፣
በየምዕራፉ ግርጌ ፈተና ያለበት፤
አንዱ የየኔታ የእጅ ጽሑፍ ቅጂ፣
አይጥ የጀመረችው፣ ጥሩ ነበር እንጂ፤
ሦስተኛው ባለ ሥዕል፣ በግ በቀለም ያጌጠ፣
ባጃጅ ለሚነዳ ጎረምሳ የተሰጠ።

እኔ ግን ኪሴ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አለ፣
በጥያቄ ሣጥን ታጥፎ የተጣለ።
የትርንጎ እጅ ነው። የዓሣ አጥማጁ ልጅ።
ሐምሌ ላይ ከእምቦጩ ታንኳውን ባዶውን
ጎትተው አመጡ፤ አላገኙም እሱን።

«ጴጥሮስን በእጁ ይዞ ከማዕበል ያወጣ፣
አባቴ ሲጠራው ስለምን አልመጣ?»

ማውጫውን ገለጥሁት፣ በጣቴ ወረድሁኝ፤
«በባሕር ላይ መሄድ» — ሠላሳ አንድ አለኝ።
ሠላሳ አንደኛው ሳምንት! ግንቦት ነው፣ ይርቃል፤
ጥያቄ በሰልፍ ቆሞ ተራ ይጠብቃል?

ድምፅ ተሰጠ። ማኅተም ያለው አሸነፈ።
እኔም እጄን አነሣሁ፤ ቃለ ጉባኤው ተጻፈ።

እሑድ ግን ከክፍሉ ይዣቸው ወጥቼ፣
ጣና ዳር፣ ድንጋይ ላይ፣ በረድፍ አስቀምጬ፣
ብጣሿን አነባለሁ፣ መልሱን ሳላጠና፤
ምዕራፍ አንድ ይቆየን፣
ታንኳው ባዶ ነውና።