ስምንት ኦም

አጎቴ ወርዶፋ ሲሞት ያወረሰኝ
አንዲት ትንሽ ሳጥን፣
በጅቡቲ ባቡር፣ ከቴምር ጆንያ ሥር
አምልጣ የገባች፣ ሳትከፍል ቀረጥን።
ሆዷ ውስጥ አራት አምፖል፣
ሲሞቁ ብርቱካን፣ ሲበርዱ ጠይም፤
ጆሮዋን ጠምዝዘው እስከ ጥግ ካልወሰዱ
ወይ ፍንክች አትልም።

ያኔ ግን ድምጿ ላይ አሸዋ ይገባል፤
ደንገጎ ላይ ዘንቦ፣ ድሬ ሳትሰማ፣
ደረቁ ደቻቱ በሌሊት ሲመጣ
ከድንጋዩ ቀድሞ የሚደርሰው ግርማ።

ችግሩ መጠኗ። የገንደ ቆሬ ሠርግ
አምስት መቶ ሰው ነው፣ ሕፃን ሳይቆጠር፤
ከበሮው ሲጀምር የኔ ትንሽ ሳጥን
ጉድጓድ ውስጥ ያለች ፌንጣ ናት፣ ከምር።

በድሪ ዘንድ አንድ አለ፣ ለኪራይ የሚወጣ፣
ሁለት ሰው ካልያዘው ከመሬት የማይነሳ፤
ጉልበት ብቻ የሆነ፣ የሰጡትን ሁሉ
አጉልቶ የሚመልስ፣ የራሱን የረሳ።

ታዲያ ምናለበት፣ አልኩኝ በልቤ፣
ያቺ ትናገር፣ ይህ ይጩህላት፤
ከስፒከሯ ነቅዬ፣ ሽቦዋን ጎትቼ
በቀጥታ ሰካኋት።

አንድ ኮርድ። ከዚያ ሽታ።
የተቃጠለ ቫርኒሽ፣ ክር የመሰለ ጢስ።
በድሪ ጫቱን ጥሎ፣ ሽርጡን ሰብስቦ
መሰኪያው ጋ እስኪደርስ።

"አቦ! መጠየቅ ምላስ አይቆርጥ!
ይቺ የለመደችው ጭነት ነው፣ ሲፈን።
ስፒከር ማለት ጭነቷ ነው። ነቀልሽባት።
ማድረሻ ስታጣ፣ ያወጣችው ሁሉ
ተመልሶ በላት።
ደግነቱ ፊውዙ ቀድሞ ሞተላት።
ሁለተኛ ባዶዋን አታስጩሂ።"

እኔ ባደግሁበት ጭነት ነው የሚገድል፤
የግመል ጀርባ አይቻለሁ፣ የቀፊራ ሴቶች አንገት፤
ሸክም በማጣት መቃጠልን ግን
ያን ቀን ነው ያየሁት።

አጎቴ አርባ ዓመት ፍሬን ሲይዝ ኖሮ
ባቡሩ በቆመ በዓመቱ ነው የሞተው።
ሐኪሙ "ስኳር ነው" አለ።
እኛም ስኳር ነው አልን።

በሦስተኛው ቀን በድሪ ከወደቀ ምድጃ
ጥምዝምዝ ሽቦ ጎተተ፤
ቆረጠ፤ ለካ፤ ደግሞ ትንሽ ቆርጦ ለካ፤
"ስምንት ኦም" አለ፣ የጠፋ ቁልፍ እንዳገኘ ሰው፤
ጡብ ላይ ጠመጠመው። "ይሄ አይዘፍንም፣ አያወራም፤
ሥራው መሸከም ብቻ ነው።
ከዳሩ ላይ ጭላፊ፣ የማንኪያ ጫፍ ታህል፣
ለዚያ ጎረምሳ እናቀምሰዋለን፤
ካበዛንለት ግን፣ አቦ፣
ሠርጉንም ሙሽሮቹንም እናጣለን።"

ቅዳሜ ማታ ገንደ ቆሬ። ነፋስ የለም፤
የኒሙ ቅጠል እንኳ ቀጥ ብሏል፤
ሳጥኔን እስከ ጥግ ጠመዘዝኳት፤
ያ አሸዋ፣ ያ ግርማ፣ ከጎረምሳው አፍ
ወጥቶ ሜዳውን ሞልቷል።
አንድ ሽማግሌ፣ የምድር ባቡር ኮፍያ ያደረጉ፣
የያዙትን ጉርሻ ወደ ሳህን መለሱ፤
ወደ እኔ አላዩም፤
ወደ ጣቢያው ዞሩ፣ እጃቸውን እያበሱ።

በአምስተኛው ዘፈን ከመድረኩ ጀርባ ዞር ብል
ጡቡ ላይ የቆርቆሮ ኩባያ ተጥዷል፤
ሽቦው ፍም መስሏል፤ ውስጡ ቀረፋ ይንሳፈፋል፤
ውሃው ጠርዝ ጠርዙን መፍላት ጀምሯል።

"ሕዝቡ ሰማሁ የሚለው ያቺን ጭላፊ ነው"
አለ በድሪ፣ በሽርጡ ጫፍ ኩባያውን ይዞ፤
"የቀረው ሁሉ እዚህ ነው። ጠጪ።"

ጠጣሁ።
ስኳር አልነበረውም።