ጫፉ ይደንዝ

ቅዳሜ ገበያ፣ ከብረታ ብረቱ ተራ፣
ሻጩ ልጅ አንዱን አነሣ፣ በፀሐይ እያበራ፤
«ይኸን ውሰድ ጋሼ፣ ፊትህን ያሳይሃል» አለኝ።
ፊቴን ለማየትማ መስታወት መች ጠፋኝ።

በግ አላርድበትም፣ ቁርጥም አልጎርስ፤
ደመኛም የለኝም ደሙን የማፈስ።
የምሻው ቢላዋ አንድ ሙያ ያለው፣
የወንበር ቀበቶ ሰው አንቆ ሲይዘው፣
በጨለማ፣ በዝናብ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣
አንዴ ሲስቡት የሚቆርጥ።

ልጁ ሳቀ። «ለቀበቶ? ቁልፉን ተጫነው፣ ይፈታል።»
አዎ፣ ይፈታል። ጎማው መሬት ሲረግጥ ይፈታል።

ሊማሊሞ ነበር፤ ሐምሌ፤ ጉሙ እንደ ግድግዳ፤
አባዱላው ተገልብጦ፣ ጎማው ለሰማይ ሲነዳ፣
ባዘዘው በመሪው፣ ወይዘሮ ሙጨ በጎኑ፣
ቁልቁል ተሰቅለው እንደ ቋንጣ ሆኑ።
እኔ ረዳት ነኝ፤ በመስኮት ወጣሁ፤ ኪሴን ዳበስኩ፤
የመተማ ዕቃ፣ የምታብለጨልጭ ቢላዬን መዘዝኩ።
መቀስ አላት፣ ሚስማር፣ የጠርሙስ መክፈቻ፤
የጎደላት ስለት ነው፣ እሱ ብቻ።
በእርጥብ እጄ ስጫናት ወደ ኋላ ታጠፈች፤
ጣቴን ነከሰች፤ ቀበቶውን ተወች።

የሙጨን በጥርሴ ነው የበጠስኩት። በጥርሴ።
የናይለኑ ጣዕም ዛሬም አለ በምላሴ።
ከዚያ ወደ ባዘዘው ስዞር —

ይህን መስመር አልጨርሰውም።

ሻጩ ልጅ የሚያበራውን መልሶ አስቀመጠ።
«ወለቃ ውረድ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አያ ጫቅሉ ጋ።»

አያ ጫቅሉ ወናፉን እየነፋ ጠየቀኝ፦
«ምን ታርዳለህ?»
«አላርድም።»
«ማንን ትወጋለህ?»
«ማንንም።»
«ታዲያ ሹል ጫፍ ምን ያደርግልሃል?»

ብረቱን ከፍም አወጣው፤ ጫፉን በመዶሻ መታው፣ መታው፣
እንደ ሕፃን አውራ ጣት ድብልብል አድርጎ ተወው።
«እንዲህ ከሆነ በቀበቶና በገላ መሃል ይገባል፤
ገላውን ዳብሶ ያልፋል፤ ሆዱ ነው የሚቆርጠው።»
ማጠፊያ አልሠራለትም።
«የሚታጠፍ ነገር ቀን ሲከፋ ይታጠፋል።»
እጀታውን ከአሮጌ ጎማ በቀደደው ጥብጣብ ጠመጠመው፤
«ወይራ ያምራል፤ ግን ደም ሲነካው ያሟልጫል።»
ብረቱ ባሌስትራ ነው። «ጭነት የለመደ አይሰበርም» አለ።
የየትኛው መኪና? ልለው ነበር።
አላልኩም።

ከቦርሳዬ የሙጨን ቀበቶ አወጣሁ።
ጫፉን አገላብጦ አየው። «ይኸን ጅብ ነው ያኘከው?»
«እኔ ነኝ።»
ወናፉ ቆመ።

እጄን ውኃ ነከርኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። በግራዬ ያዝኩ።
አንዴ ሳብኩ።
ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

ዋጋው ከገበያው ሦስት እጥፍ ነው። አልተከራከርኩም፤
ቅዳሜ ገበያ ላደገ ሰው ይኸ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን መሪው የእኔ ነው።
ቢላው ከማርሹ ጎን፣ በአፎቱ፣ እጅ ሳይፈልግ የሚያገኘው ቦታ።
በየእሑዱ እስለዋለሁ፤
እየሳልኩም እለምናለሁ፣
ሥራ ፈቶ እንዲዝግ።

ወይዘሮ ሙጨ ደባርቅ ስትሄድ ከጎኔ ነው የምትቀመጠው።
ቀበቶዋን ራሷ ታስራለች።
ስለ ዋጋ ጭቅጭቅ፣ ስለ ልጇ ፈተና፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች፤
ስለዚያ ቀን አንድም ቃል።
ጥምዝምዙ ሊጀምር ሲል ብቻ
ሳታይ እጇን ሰድዳ
እጀታውን ትዳብስና
«አለ» ትላለች።